ብርጭቆውን ማን ሰበረው? ስለ ኩርድኛ ተውላጠ ስሞች ለወገኖቼ የምለው



ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ስህተት ነው። ስህተቱ ትንሽ ይመስላል፤ አንዲት ፊደል ናት። ግን በዚያች ፊደል ምክንያት ሁለት ጎረቤታሞች ሊጣሉ፣ አንዲት ንጹሕ እህት ደግሞ «አማና በላች» ልትባል ጥቂት ነበር የቀራት። ሰበቡ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ቤታችሁ ውስጥ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ኢራቅ የሄደች ወይም ልትሄድ ያሰበች እህት ካለች ደግሞ አንብቡላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰፈራችን አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። እህቱ ኢራቅ ውስጥ፣ በኩርዶች ከተማ በሱለይማኒያ የቤት ሠራተኛ ናት። ወደ አገር ቤት በምትመለስ ጓደኛዋ እጅ ገንዘብ ልካለታለች። ገንዘቡ ግን እጁ አልገባም። የእህቱ ስልክ ደግሞ ያን ሰሞን አይነሳም። በዚህ መሃል የአሠሪዋ አጭር መልእክት በስልኩ ገባ። እህቱ ቀደም ብላ ለአሠሪዋ «ወንድሜ ጋ የዐረብኛ ፊደል የሚያነብ ሰው አለ» ብላት ኖሯል። ያ ሰው እኔ መሆኔ ነው።

መልእክቱ ሁለት ቃል ነበር፦ «ፓረከት ወርግርት»። ጥያቄ ምልክት የለው፣ ነጥብ የለው።

እኔም አነበብኩት። «ፓረ» ገንዘብ እንደሆነ ልጁ ከእህቱ ሰምቶ ነግሮኛል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ደግሞ «ናውት» ከሚለው ቃል አውቃታለሁ፤ «ናው» ስም ነው፣ «ናውት» ስምህ ነው። «ወርግርት» ከመቀበል ጋር የተያያዘ እንደሆነም ሰምቻለሁ። አንድ ላይ ገጣጠምኩትና በሙሉ ልብ «ገንዘብህን ተቀብላዋለች ነው የሚለው» አልኩት። ማን ተቀበለች? ያው መልእክተኛዋ ጓደኛ ናት ብዬ አድራጊዋን ከራሴ ሞላሁ።

ልጁ በዚያው ምሽት ወደ ልጅቷ ቤት ሄደ። በሯ ላይ ሆኖ ከባድ ቃል ተናገረ። እናቷ አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ቀርቶ የነበረው ሻንጣዋ ደረሰ፤ ገንዘቡም እንደታሰረ፣ ሳይጎድል ተሰጠው። እህቱም ስልኳን አነሳች። የሆነውን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዝም አለች፣ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ኡስታዝ፣ ‹ገንዘቡን ተቀበልክ ወይ?› ነው እኮ ያለችው! እዚያች ውስጥ ያለችው ‹ት› ‹የአንተ› አይደለችም፤ ‹አንተ› ናት።»

ወላሂ፣ ስንት ዓመት ነህው ተቀምጬ የቀራሁት ሰውዬ ያን ቀን ከስምንተኛ ክፍል ባቋረጠች እህት ፊት ደረሳ ሆንኩ። ልጁን ይዤ ወደዚያች እናት ቤት ሄድኩ፤ ዐውፍ ጠየቅን። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። አንዲት ፊደል እንዴት አንዴ «የአንተ»፣ አንዴ «አንተ» ትሆናለች? ከዚያች እህት በስልክ፣ ከሰዋስው መጻሕፍትም በንባብ ጥቂት ጥቂት ተማርኩ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ከዚያ ሐሳቤን እላለሁ።

መጀመሪያ ቋንቋው የት ነው ያለው? ኩርድኛ አንድ ወጥ አይደለም። በቱርክ፣ በሶሪያና በኢራቅ ዱሆክ አካባቢ የሚነገረው ኩርማንጂ ይባላል። እኔ የምናገርለት ማዕከላዊው ኩርድኛ፣ ሶራኒ የሚባለው ነው፤ በኢራቅ ሱለይማኒያ፣ ኤርቢልና ሐለብጃ፣ በኢራን ደግሞ ሰነንዳጅና መሃባድ ይነገራል። በ2005 የጸደቀው የኢራቅ ሕገ መንግሥት ኩርድኛን ከዐረብኛ ጋር የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎታል። ብዙዎቻችን «ኢራቅ» ስንል ዐረብኛ ብቻ ነው የሚታየን። ዐረብኛ ተምራ የሄደች እህት ኤርቢል ገብታ የቤቱ ሰው ሲያወራ አንድ ቃል እንኳ ሳይገባት የሚቀረው ለዚህ ነው።

ኩርድኛ የሚጻፈው ከዐረብኛ በወጣ ፊደል ነው። ቁርኣን የቀራ ሰው ትንሽ ቢለማመድ ድምፁን ያወጣዋል። ቋንቋው ግን የፋርስኛ ዘመድ እንጂ የዐረብኛ ዘመድ አይደለም። ዐረብኛና አማርኛ በሥር ይገናኛሉ፤ ኩርድኛ ከሌላ ግንድ ነው። እንደ «ክቴብ» ያሉ ከዐረብኛ የገቡ ቃላት ሞልተውታል፤ አጥንቱ ግን ሌላ ነው። እኔን የጣለኝም ይኸው ነው፤ ልብሱን አይቼ አጥንቱን የማውቀው መሰለኝ።

አሁን ወደ ተውላጠ ስሞቹ። በነህው «ዶሚር» የምንለውን ሁለት ዓይነት አድርገን ተምረናል፦ ሙንፈሲል፣ ማለትም ብቻውን የሚቆም፣ እና ሙተሲል፣ ማለትም ሌላ ቃል ላይ የሚለጠፍ። ኩርድኛም ሁለቱም አሉት። ብቻቸውን የሚቆሙት ስድስት ናቸው። አጠገባቸው የሚለጠፉትን «ኪታብ» በሚለው ቃል ላይ እያደረግኩ ላሳያችሁ፦

ምን — እኔ፤ ክቴበከም — ኪታቤ
ቶ — አንተ፣ አንቺ፤ ክቴበከት — ኪታብህ፣ ኪታብሽ
ኧው — እሱ፣ እሷ፤ ክቴበከይ — ኪታቡ፣ ኪታቧ
ኤመ — እኛ፤ ክቴበከማን — ኪታባችን
ኤወ — እናንተ፤ ክቴበከታን — ኪታባችሁ
ኧዋን — እነሱ፤ ክቴበከያን — ኪታባቸው

መሃል ላይ ያለችው «ከ» የታወቀን ነገር ታመለክታለች፤ በዐረብኛ «አል» እንደምንለው ማለት ነው። ተለጣፊዎቹ እንግዲህ ም፣ ት፣ ይ፣ ማን፣ ታን፣ ያን ናቸው። በቃ፣ ስድስት።

በሰርፍ አሥራ አራቱን ሲጋ ሲቆጥር ላደገ ደረሳ ይህ እረፍት ነው። «ሁማ» የሚባል ለሁለት የተለየ ነገር የለም። ወንድና ሴት አይለይም፤ «ኧው» ሲሉ እሱም እሷም ነው። ይህ ግን ለተርጓሚ ወጥመድ አለው፦ አማርኛ «መጣ» ወይም «መጣች» ብሎ መምረጥ ይጠይቃል፤ ኩርድኛው ግን አልነገረህም። እኔ ያን ምሽት «ተቀብላዋለች» ስል ሴትነቱንም ከኪሴ ነው ያወጣሁት።

አክብሮቱ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ትልቅን ሰው በ«ቶ» ሳይሆን በብዙ ቁጥር በ«ኤወ» ማናገር አለ። ወሎ ያደገ «አንቱ» ሲል የሚሰማው ዓይነት ነው። ልጅን «ናውት ቺየ?» ይሉታል፣ ስምህ ማን ነው ለማለት፤ የሚከበረውን ግን «ናውታን ቺየ?» ይሉታል።

አንድ አስቂኝ ነገርም አለ። «እኔ» ማለት በኩርድኛ «ምን» ነው። ድምፁ ከእኛ «ምን?» ጋር ይቀራረባል። ያቺ እህት በመጀመሪያው ሳምንት አሠሪዋ «ምን» ባለች ቁጥር የምትጠየቅ እየመሰላት «አቤት» ትል ነበር። ሴትዮዋ ግን ስለ ራሷ ነበር የምታወራው።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። አሁን ወደ ጉዱ እንግባ።

በዐረብኛም በአማርኛም አድራጊው ምልክቱን የሚተወው ግሱ ላይ ነው። «ከተብቱ» ስንል «ቱ» ፋዒል ናት። «ጻፍኩ» ስንል «ኩ» አድራጊ ናት። ኩርድኛም ለአሁንና ለወደፊት እንዲሁ ያደርጋል፦ «ናን ደኾም» ማለት ምግብ እበላለሁ ነው፤ «ናን» ዳቦም ምግብም ነው፣ አድራጊዋ «ም» በግሱ ጭራ ላይ ናት። ኃላፊ ጊዜ ሲሆንና ግሱ ሙተዐዲ፣ ማለትም ተሻጋሪ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አድራጊዋ ከግሱ ትነሳና ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ትለጠፋለች፦ «ናንም ኽዋርድ» ማለት ምግብ በላሁ ነው። «ም» ዳቦው ላይ ናት፤ የበላሁት ግን እኔ ነኝ። «ናንት ኽዋርድ» በላህ፣ «ናንማን ኽዋርድ» በላን፣ «ናንያን ኽዋርድ» በሉ።

አያችሁ? ኪታቡ ላይ «የእኔ» የነበረችው «ም» እዚህ «እኔ» ሆነች። ቅርጿ አልተለወጠም፣ ቦታዋም አልተለወጠም፤ ያው ስም ላይ ናት። ሥራዋ ግን ተለወጠ።

ከግሱ ፊት ምንም ስም ከሌለ ደግሞ ሌላ መቀመጫ ትፈልጋለች። «ኽዋርድም» ማለት በላሁት ነው፤ እዚህ መጨረሻ ላይ ናት። «አልበላሁትም» ለማለት «ነምኽዋርድ» ይላሉ፤ አሉታዋ «ነ» ስትመጣ «ም» ሮጣ እሷ ላይ ተለጠፈች። ምግብ የሚለው ቃል ሲጨመር ደግሞ «ናንም ነኽዋርድ»፣ ማለትም ምግብ አልበላሁም፣ ይሆናል፤ አሁን ምግቡ ላይ ናት። ያቺ እህት «ኡስታዝ፣ ይቺ ፊደል እንደ ድመት ናት፤ መጀመሪያ ያገኘችው ሰው ጭን ላይ ነው የምትቀመጠው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ሸርሕ አላገኘሁም።

ላዚም፣ ማለትም የማይሻገር ግስ ግን እንዲህ አያደርግም። «ሃትም» መጣሁ ነው፣ «ሃትን» መጡ ነው፤ ምልክቱ ግሱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ኩርድኛ የሚሰማ ሰው ስለ አለፈ ነገር ሲወራ ጆሮውን ግሱ ላይ ማድረግ አለበት፦ ተሻጋሪ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ የትንሿን ፊደል ሥራ ይወስናል።

ይህ ለምን ሆነ? የቋንቋ ሊቃውንት ምክንያቱን ወደ ኋላ ሄደው ያገኙታል። በጥንታውያን የኢራን ቋንቋዎች ያለፈ ድርጊት «ይህን ሠራሁ» ከማለት ይልቅ «ይህ የእኔ የተሠራ ነው» በሚመስል አነጋገር ይገለጽ ነበር። «የእኔ» የምትለዋ ቃል ነበረች አድራጊውን የምታሳየው። በዘመናት ውስጥ አነጋገሩ ተለወጠ፤ «የእኔ» የምትለዋ ምልክት ግን አድራጊ ሆና ቀረች። ስለዚህ የተምታታችው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱ ሥራዎች ከጥንት አንድ ቤት ነው የኖሩት።

ለሁለት ሰዎች ሲሆን ደግሞ ልብ በሉ። «ምንት ቢኒ» ማለት ምን ይመስላችኋል? «ምን» እኔ ናት፣ ከፊት ናት፤ ጀማሪ «እኔ አየሁህ» ብሎ ይተረጉመዋል። ትክክሉ «አንተ እኔን አየኸኝ» ነው! «ት» አድራጊዋ ናት፤ «ምን» መፍዑል ናት። «አየሁህ» ለማለት «ቶም ቢኒ» ነው የሚባለው። ሰው ለምስክርነት ቢጠየቅና አስተርጓሚው ይህን ባያውቅ፣ ከሳሽ ተከሳሽ ይሆናል ማለት ነው።

«ቋንቋቸው እንዴት ጠማማ ነው» እንዳትሉ። የእኛን ተመልከቱ። «መታኝ» ስንል «ኝ» የተመታው እኔ ነኝ። «ራበኝ» ስንል ማን ነው የራበው? እኔ ነኝ፤ ግን ግሱ «ራበ» ነው የሚለው። «ገንዘብ አለኝ» በጽሑፍ ብናየው ደግሞ «ገንዘብ በእጄ አለ» ሊሆን ይችላል፣ «እሱ ‹ገንዘብ› ብሎ ነገረኝ»ም ሊሆን ይችላል። ሲነገር «ለ» ትጠብቃለች ወይም ትላላለች፣ ሲጻፍ ግን አይታይም። እኛ ስለለመድነው አይታወቀንም፤ አማርኛ የሚማር እንግዳ ግን ያለቅሳል። ኩርዱም «ገንዘብ አለኝ» ለማለት «ፓረም ሀየ» ይላል፤ ቃል በቃል «ገንዘቤ አለ» ነው። ሁሉም የራሱ አመል አለው።

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንዳነሳሁ የሚያሳየውን ታሪክ ልንገራችሁ። ያቺ እህት እኔን ስታስተምረኝ ቆይታ አንድ ቀን የራሷን አወራችኝ። በሄደች በሁለተኛው ወር ነው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ሲሮጥ ጠረጴዛውን ገፋው፤ ለእሷ መጠጫ የተሰጣት ብርጭቆ ወደቀና ተሰበረ። ብርጭቆ «ፐርዳኽ» ነው። እሷ «ብርጭቆዬ ተሰበረ» ልትል ፈለገች። «ም» «የእኔ» እንደሆነች ታውቃለች። ስለዚህ «ፐርዳኸከም» አለች፤ ትክክል። ቀጥሎ ግስ ያስፈልጋታል። ሁለት ተመሳሳይ ቃላት ሰምታ ነበር፦ «ሽካ» እና «ሽካንድ»። አንዱን አነሳች። «ፐርዳኸከም ሽካንድ» አለች።

«ፐርዳኸከም ሽካ» ብትል «ብርጭቆዬ ተሰበረ» ይሆን ነበር። «ሽካ» ላዚም ነው። እሷ ያለችው «ሽካንድ» ግን ሙተዐዲ ነው፤ ስለዚህ «ም» ከ«የእኔ» ወደ «እኔ» ተገለበጠችና ንግግሩ «ብርጭቆውን ሰበርኩት» ሆነ። በራሷ አፍ አመነች! በኋላ በእጇ ምልክት እያሳየች «እኔ አይደለሁም፣ ልጁ ነው» ስትል ደግሞ «ቅድም ‹ሰበርኩ› አላልሽም? አሁን በሕፃን ታሳብቢያለሽ?» ተባለች። ብርጭቆው ርካሽ ነበር። «ውሸታም» የሚለው ስም ግን ወራት ቆየባት። ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ሆነች።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው።

ለእህቶቻችን ከመሄዳቸው በፊት በየወረቀቱ ተጽፎ የሚሰጣቸውን የቃላት ዝርዝር አይቻለሁ። «አምጪ፣ እጠቢ፣ ጥረጊ፣ ቶሎ በዪ፣ ዝጊ» ነው። ሁሉም ትእዛዝ ነው፤ ሁሉም እሷ የምትሰማው እንጂ የምትናገረው አይደለም። «እኔ» የለበትም። «አልሰበርኩም» የለበትም። «አልተቀበልኩም»፣ «አሞኛል»፣ «አልገባኝም» የለበትም። እንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ሰውን ጆሮ ብቻ አድርጎ ይልካል፤ ምላሷን አገር ቤት አስቀርቶ። እኔ የምለው፦ ቋንቋ ስናስተምር ከተውላጠ ስም እንጀምር። መጀመሪያ «እኔ»ን፣ «አንቺ»ን፣ «የእኔ»ን እንስጣት፤ ምጣድና መጥረጊያውን እዚያው ቤት ውስጥ ትደርስበታለች። ዕቃ በጣት ይጠቆማል። «ማን አደረገው» የሚለው ግን በጣት አይጠቆምም።

አንዳንድ ወንድሞች «ዐረብኛ የቁርኣን ቋንቋ ነው፤ እሱን ከተማረች ይበቃታል፤ ኩርዶቹም ሙስሊሞች ናቸው» ይሉኛል። ዐረብኛን እኔም እወደዋለሁ፤ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለሱ ነው። ነገር ግን የዒባዳ ቋንቋና የሰዎች ሐቅ የሚነገርበት ቋንቋ ሁለት ናቸው። የቋንቋዎች መለያየት ከአላህ ምልክቶች እንደሆነ ሱረቱ ሩምን የቀራ ያውቃል፤ ምልክት ደግሞ የሚናቅ ነገር አይደለም። ዘይድ ኢብኑ ሳቢት ረዲየላሁ ዐንሁ በነቢዩ ﷺ ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሑፍ ግማሽ ወር ሳይሞላው እንደተማረ በሐዲስ ተዘግቧል። ለምን? ደብዳቤያቸውን የሚያነብና የሚጽፍ የታመነ ሰው እንዲኖር። አንድ ደብዳቤ በትክክል እንዲነበብ ሲባል ሶሓባ ቋንቋ ከተማረ፣ እኔ የእህቴን ደብዳቤ በግምት ማንበቤ ምን ይባላል?

በፊቅህ ኪታቦቻችንም ለቃዲ የሚያስተረጉም ሰው ስንት ይሁን የሚለው ተወያይተውበታል። ሻፊዒዮች ማስተርጎምን እንደ ምስክርነት ቆጥረው ከአንድ በላይ ይጠይቃሉ። ትርጉም ሸሃዳ ነው ማለት ነው። እኔ ያን ምሽት ብቻዬን፣ ያለ ዕውቀት መሰከርኩ። ስልክ ይዞ «ኡስታዝ ይህን አንብብልኝ» የሚል ሰው ወደ ብዙዎቻችን ይመጣል። ፊደሉን ስላወቅን ቋንቋውን ያወቅን አይምሰለን። «አላውቀውም» ማለት የዕውቀት ግማሽ ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

ሌሎች ደግሞ «ስልክ ይተረጉምላታል» ይላሉ። ይርዳት፣ አልቃወምም። ብርጭቆው ወድቆ ሁሉም ሲጮህ ግን ስልክ የሚያወጣ ሰው የለም። በዚያች ደቂቃ በአፍ ያለው ነው የሚቆጠረው። «ሁለት ዓመት ቆይታ ለምትመለስበት አገር ምን አደከማት?» ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፦ ስድስት ፊደል ናቸው። አንድ ሰው ስድስት ፊደል ሸምድዶ ክብሩን ማዳን ከቻለ ምን ይከብዳል?

ከኩርዶች ጋር ደግሞ ባዕድ አይደለንም። ሰላሑዲን አል-አዩቢ ኩርድ እንደሆነ ሁላችንም እንናገራለን፤ ግን እዚያው እናቆማለን። የሐዲስ ዕውቀት ተማሪ ሁሉ ስሙን የሚያነሳው ኢብኑ ሶላሕ፣ በ1245 ደማስቆ ላይ ያረፉት፣ «ሸህረዙሪ» የሚባሉት ሱለይማኒያና ሐለብጃ ባሉበት በሸህረዙር ምድር ነው። በነህው «ካፊያ»ን፣ በሰርፍ «ሻፊያ»ን የጻፉት ኢብኑል ሓጂብ፣ በ1249 ያረፉት፣ ግብፅ ውስጥ የተወለዱ የኩርድ ልጅ ነበሩ። ዶሚር ሙተሲልና ሙንፈሲልን ለስንት ትውልድ ያብራሩት ሰው ዘራቸው ከዚያ ሕዝብ ነው፤ እኛ ግን የዚያን ሕዝብ «እኔ»ና «አንተ» አናውቅም።

ሱለይማኒያ በ1784 የተቆረቆረች ከተማ ናት። በባባን መሪዎች ዘመን ሶራኒ የቅኔና የዕውቀት ቋንቋ ሆኖ ያደገው እዚያ ነው። የዚያው አካባቢ ዓሊም ሸይኽ መዕሩፍ ኖዴ ለልጃቸው አሕመድ ብለው የዐረብኛ ቃላትን በኩርድኛ የሚፈታ የግጥም መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል፤ ስሙም «አሕመዲያ» ይባላል። ወሎ ላይ መሻይኾቻችን በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈው፣ በመንዙማ ዲን አስተምረው የለ? ሁለቱም ሰፈር ያው አንድ ነገር ነው የገባው፦ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲነገረው ነው ልቡ የሚከፈተው። ለእነሱ «እናንተም ዐረቦች ናችሁ» ማለት ለእኛ «አማርኛችሁ የዐረብኛ ቀበሌኛ ነው» እንደማለት ነው። ማንም ደስ አይለውም።

ስለዚህ የማቀርበው ነገር ቀላል ነው። ከኤርቢልና ከሱለይማኒያ የተመለሱ እህቶች በየሰፈራችን አሉ። ያሳለፉትን ችግር ብቻ እየጠየቅናቸው ዕውቀታቸውን አንጣለው። በየመድረሳው የሴቶች ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ለሚሄዱት ያስተምሩ። እኛ ነህው የቀራን ደግሞ ከጎናቸው ሆነን «ይህ ፋዒል ነው፣ ይህ መፍዑል ነው» እያልን እናደራጅላቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ከእነዚህ ይጀምር፦

ምን ነምሽካንድ — እኔ አልሰበርኩትም
ፓረከም ወርነግርት — ገንዘቡን አልተቀበልኩም
ቴነገይሽትም — አልገባኝም
ነኾሽም — አሞኛል
ማንዱም — ደክሞኛል
ፓስፖርተከም ላይ ኤወየ — ፓስፖርቴ እርስዎ ጋ ነው

ስድስቱም ውስጥ «ም» አለች። አንዷ አድራጊ ናት፣ አንዷ ባለቤት ናት፣ አንዷ የግሱ ጭራ ናት። አንዲት እህት እነዚህን ለይታ ከሄደች ቢያንስ ስለ ራሷ መናገር ትችላለች። ያላደረገችውን አላምንም፣ ያልተቀበለችውን ተቀበልኩ አትልም።

ያቺ እህት አሁን ኩርድኛውን አቀላጥፋ ትናገራለች። ባለፈው ስታወራኝ ያ ብርጭቆውን የጣለው ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል አለችኝ። አንድ ቀን እናቱ ፊት ታሪኩን ሙሉውን፣ ግሱን ሳትሳሳት ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆየችና «ኹሽክም» አለቻት፤ «እህቴ» ማለት ነው። «ም» እዚህ ጋ «የእኔ» ናት፤ እሷን የሚያምታታ ሰው የለም።

አላህ በባዕድ አገር ያሉትን እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ምላሳቸውን ይፍታላቸው፤ እኛንም ባላወቅነው ከመመስከር ይጠብቀን። የተሳሳትኩት ካለ ከራሴ ነው፤ ኩርድኛ የምታውቁ አርሙኝ። ለሚሄዱ እህቶች እንዲደርስ ሼር አድርጉት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።